ቁጥር ስም ሲጠፋው፦ ከአዳማ ቀበሌዎች እስከ ሊኑክስ ከርነል

አዳማ ውስጥ ለእንግዳ ቤት መጠቆም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። «ቀበሌ ይህን ያህል፣ የቤት ቁጥር ይህን ያህል» ብሎ የሚጀምር ሰው አይገኝም። የሚባለው «ከመናኸሪያው ወረድ ብለህ፣ መስጊዱን አልፈህ፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን አረንጓዴው በር» ነው። ቁጥሩ ስለሌለ አይደለም። በ1975 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰና ቀበሌ የሚባል ነገር ከመጣ ወዲህ ቤት ሁሉ ተቆጥሯል፤ ቆርቆሮዋም በሩ ላይ ተመትታለች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስንወርድ ይገባችኋል።) ቁጥሩ ለመዝገቡ ነው፣ ስሙ ለሰው።

ስሙም ቢሆን አንድ ቦታ አይረጋም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማዋን ናዝሬት አሏት፤ በ2000 የቀድሞ ስሟ አዳማ በይፋ ተመለሰ፤ የታክሲ ረዳቱ ግን ዛሬም «ናዝሬት! ናዝሬት!» ይላል። ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ ሆነች፣ ዝዋይ ባቱ። በ1993 ናዝሬት ቴክኒካል ኮሌጅ ተብሎ የተጀመረው ትምህርት ቤት በ2006 አዳማ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2011 ደግሞ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ግቢው ግን ንቅንቅ አላለም። ቦታው ያው፣ ስሙ ተቀያያሪ።

ይህን ያነሳነው ስለ ከተማ ስም ልንከራከር አይደለም፤ እሱን ለሌላ ቀን፣ ከኛ ለበረታ ሰው ትተነዋል። ዛሬ የምናወራው ነገሩ ተገላቢጦሽ ስለሆነበት አገር ነው። እዚያ ስሙ ያው ነው፣ ቦታው ነው የሚቀያየረው። አገሩም ከርነል ይባላል።

እንግዲህ ከርነል ማለት ከሁሉም ፕሮግራም ስር ተቀምጦ ሜሞሪውን፣ ዲስኩን፣ ኔትወርኩን የሚያድል፣ ተራ የሚያስጠብቅ ዋና ፕሮግራም ነው። አንድሮይድ ስልክ ከያዛችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው የሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ ነው፤ በ1991 በፊንላንድ ተማሪ እጅ የተጀመረው። እና አንድ ቀን ማሽኑ ይንቀራፈፋል። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ፕሮሰሰሩ ጊዜውን የት ነው የሚያጠፋው?

መቼም ሰው በግምት መመለስ ይወዳል። ዶናልድ ክኑዝ በ1971 የፎርትራን ፕሮግራሞችን ሰብስቦ ሲመረምር ግን ከጽሑፉ 4 በመቶ የማይሞላው ክፍል ከሩጫ ጊዜው ግማሽ በላዩን እንደሚበላ አገኘ። ያቺ 4 በመቶ የት እንዳለች ደግሞ ጸሐፊው ራሱ ብዙ ጊዜ አያውቅም። ስለዚህ መለካት ያስፈልጋል። ዩኒክስ ላይ ፕሮፍ የምትባል መሣሪያ ነበረች፤ በ1982 በርክሌይ ያሉት ሱዛን ግራሃም፣ ፒተር ኬስለርና ማርሻል ከርክ መኩሲክ ጂፕሮፍን ይዘው መጡ። የነሱ አዲስ ነገር «ማን ማንን ጠራ» የሚለውን መጨመራቸው ነው።

አሠራሩን በባጃጅ እንየው። አንድ ባጃጅ ቀኑን ሙሉ የት እንደሚውል ማወቅ ብትፈልጉ ሙሉ ቀን መከተል አያስፈልጋችሁም። በየአምስት ደቂቃው እየደወላችሁ «የት ነህ?» ማለት ይበቃል። ከመቶ ጥሪ ስልሳው «መናኸሪያ ተራ እየጠበቅሁ» ከሆነ ነገሩ ታወቀ። ፕሮፋይሊንግ የሚባለውም በአብዛኛው ይኸው ነው፤ ፕሮሰሰሩን በሰከንድ መቶ፣ ሺህ ጊዜ አስቁሞ «አሁን የት ነህ?» ማለት። ችግሩ ፕሮሰሰር «መናኸሪያ» አይልም። ረጅም ቁጥር ነው የሚነግራችሁ። ቁጥሩን ወደ ስም መመለስ የኛ ዕዳ ነው።

አመላለሱ ደግሞ ለሞጆ መንገድ ሰው አዲስ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ ስትወርዱ ሞጆ 75ኛው፣ መቂ 135ኛው፣ ባቱ 160ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ናቸው እንበል፤ ቁጥሮቹ በግምት የተጠጋጉ ናቸው። ሾፌር ደውሎ «145 ላይ ጎማ ፈነዳብኝ» ቢላችሁ ዝርዝሩን ታያላችሁ፤ ከ145 የማይበልጠው የመጨረሻ ከተማ መቂ ነው። ስለዚህ «መቂን 10 አልፎ» ትላላችሁ። ኮምፒውተሩም ልክ እንዲሁ የፈንክሽኑን ስም፣ የመደመር ምልክትና ትርፉን ቁጥር ይጽፋል። ዝርዝሩ በቁጥር ተራ ከተደረደረ ፍለጋው ፈጣን ነው። መሃሉን እያዩ ግማሹን እየጣሉ ሲሄዱ 131 ሺህ ስም እንኳ በ17 እርምጃ ያልቃል።

አሁን መቂ ከዝርዝሩ ብትጎድልስ? መልሱ «አላውቅም» አይሆንም። «ሞጆን 70 አልፎ» ይሆናል። ሒሳቡ ትክክል፣ ስሙ ውሸት። መካኒኩን ወደ ሞጆ ትልኩታላችሁ፣ ሾፌሩ መቂ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። ይቺን ያዙልን፤ የቀረው ታሪክ በሙሉ በዚህች ስህተት ዙሪያ ነው የሚሽከረከረው።

በመጀመሪያዎቹ የሊኑክስ ዓመታት ስሞቹ ከከርነሉ ጋር አይኖሩም ነበር። ከርነሉ ሲሠራ ሲስተም ማፕ የሚባል የስምና የቁጥር ዝርዝር ጎን ለጎን ይወጣና ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ከርነሉ ሲታመም «ኡፕስ» ብሎ ቁጥሮቹን ያፈሳል፤ እናንተ ደግሞ የኪት ኦወንስን ኬስምኡፕስ የተባለ መሣሪያ አስነስታችሁ ቁጥሩን በዝርዝሩ ታስፈታላችሁ። አዲስ ከርነል ጭናችሁ ያዛችሁት ዝርዝር የድሮው ከሆነ ግን አለቀላችሁ። ቁጥሩ የዛሬ፣ ስሙ የትናንት ይሆናል። ያውም እርግጠኛ በሆነ ፊደል ተጽፎ።

ይህ ለሐበሻ እንግዳ መሆን የለበትም። በዩኒኮድ ፊት የነበረውን ዘመን አስታውሱ። አንዱ በፓወር ግዕዝ ይጽፋል፣ ሌላው በቪዥዋል ግዕዝ፤ እያንዳንዱ ፎንት «ይህ ቁጥር ይህ ፊደል ነው» የሚል የራሱ ዝርዝር ነበረው። ጽሑፉን በፍላሽ ይዛችሁ ሌላ ቤት ስትከፍቱት የሰርግ ጥሪው የጠንቋይ ክታብ ይመስላል። ፋይሉ አልተበላሸም። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ እዚያው ናቸው፤ የጠፋው ትክክለኛው ዝርዝር ነው። ኢትዮጵያዊው ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የራሱ ቋሚ ቁጥር ሲያገኝ ነው በሽታው መዳን የጀመረው (መዳኑም ዓመታት ወሰደበት)። የፊደሉ ክታብ ግን ቢያንስ ክታብ መሆኑ ያስታውቃል። የከርነሉ የተሳሳተ ስም እውነተኛ ስም ነው፤ ምንም አያስታውቅም።

የሊኑክስ ሰዎች መፍትሔ ዝርዝሩን ከርነሉ ሆድ ውስጥ ማስገባት ሆነ። በታኅሣሥ 2003 በወጣው 2.6 ከርነል ካልሲምስ የተባለው ክፍል ስሞቹን ጨምቆ አብሮ ይይዛል፤ ከርነሉ ራሱ ስለ ራሱ ይመሰክራል። አሁን ባሉት ከርነሎች ዝርዝሩ ከ100 ሺህ ስም በላይ ነው።

በዚያው ሰሞን የመለኪያ መሣሪያዎቹም አደጉ። ዲጂታል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1997 አልፋ በሚባለው ፕሮሰሰሩ ላይ ማሽኑ ሥራውን ሳያቆም፣ ቀንና ሌሊት፣ ከርነሉን ጨምሮ የሚለካ ሥርዓት አሳየ። የሱን ሐሳብ ይዞ ጆን ሌቨን ለሊኑክስ ኦፕሮፋይልን ሠራ፤ በ2002 ወደ ሙከራው ከርነል ገባ። በመስከረም 2009 ደግሞ ከ2.6.31 ጋር የዛሬው ጌታ መጣ፦ ፐርፍ። ኢንጎ ሞልናርና ቶማስ ግላይክስነር ጀመሩት፤ የመሣሪያውን ጎን ለረጅም ዘመን ሲጠብቅ የኖረው ብራዚላዊው አርናልዶ ካርቫሎ ዴ ሜሎ ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሰላም ይመስላል። ጠቡ የሚጀምረው ፕሮሰሰሩ ሲለያይ ነው።

ፐርፍን የጻፉት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ በብዛት የነበረው ኢንቴልና ኤኤምዲ የሚጋሩት የኤክስ86 ቤተሰብ ነው። በዚህ ቤት ከርነሉና ተራው ፕሮግራም አንድ የቁጥር አገር ይካፈላሉ፤ ድንበራቸው ግን የታወቀ ነው። በ32 ቢቱ ዘመን የተለመደው አከፋፈል ከ4 ጊጋባይት ውስጥ የታችኛው 3 ለፕሮግራሙ፣ የላይኛው 1 ለከርነሉ ነበር። በ64 ቢት ደግሞ የታችኛው ግማሽ የፕሮግራሙ፣ የላይኛው ግማሽ የከርነሉ ሆነ። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይቶ «ይሄ የከርነል ነው፣ ያኛው የፕሮግራም» ማለት ይቻላል። ከዋናው መንገድ በላይ ያለው ሁሉ ወፍጮ ቤት፣ በታች ያለው ሁሉ መኖሪያ እንደሆነበት ሰፈር ማለት ነው።

ሌላው ዓለም ግን እንዲህ አልተሠራም። የአይቢኤም ትልልቆቹ ማሽኖች (ኤስ390 የሚባሉት) እና የሰን ኩባንያው 64 ቢት ስፓርክ ለከርነሉ አንድ፣ ለፕሮግራሙ ሌላ፣ ሁለት የተለያዩ የቁጥር አገሮች አሏቸው። ስፓርክ ላይ ከርነሉ የሚጀምረው 4 ሜጋባይት አካባቢ ነው፤ ተራ ፕሮግራሞች የሚሰፍሩባቸው ቁጥሮችም እዚያው ይገኛሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ «ቀበሌ 04፣ የቤት ቁጥር 212» ብሎ አንድ ሰው ወረቀት ቢሰጣችሁ አዳማም ሊኖር ይችላል፣ ቢሾፍቱም፣ ሻሸመኔም። ቁጥሩን መቶ ጊዜ ብታፈጡበት ከተማውን አይነግራችሁም። ከተማው ለብቻው መጻፍ አለበት።

ደግነቱ ፕሮሰሰሩ ናሙናው ሲወሰድ በየትኛው ማዕረግ ላይ እንደነበረ፣ በከርነል ወይስ በፕሮግራም፣ ይናገራል፤ ፐርፍም ይመዘግበዋል። ከተማው ተጽፏል ማለት ነው። ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ችግሩ ያለው ሰው ሲቸኩል የሚያደርጋት አንዲት ነገር ላይ ነው። ከርነሉ ለፕሮግራሞች የሚያውሳቸው ጥቂት ገጾች አሉ፤ የእነሱን ስም በፕሮግራሙ ዝርዝር ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ፐርፍ ውስጥ አንዲት ብልሃት ገባች፦ የፕሮግራም ቁጥር ስሙ ካልተገኘና ቁጥሩ የከርነል ቁጥር ከመሰለ የከርነሉን ዝርዝር ሞክር። ኤክስ86 ላይ ይህ ደህና ነው፤ «የከርነል ቁጥር ይመስላል?» የሚለው ጥያቄ ትርጉም አለውና።

በ2018 መጸው የስፓርኩ ጠባቂ ዴቪድ ሚለር (የሊኑክስ ኔትወርክ ሹምም ነበር) ጉዳዩን ይዞ መጣ። ስፓርክ ላይ ያ ጥያቄ ትርጉም የለውም፤ ሁሉም ቁጥር ማለት ይቻላል «የከርነል ይመስላል»። ስለዚህ ስሙ ያልተገኘ ማንኛውም የፕሮግራም ቁጥር ቀጥታ ወደ ከርነሉ ዝርዝር ይላካል። የቢሾፍቱን 212 ፈልገው ሲያጡ የአዳማውን 212 ማንኳኳት! እዚያም ስም ካልተገኘ መሣሪያው የከርነሉን ዝርዝር ራሱን መጠራጠር ይጀምርና የማይገባ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። አርናልዶ ብልሃቷን አወጣት። ስትወጣ ደግሞ ማዕረጉ ያልተጻፈባቸው ናሙናዎች፣ ኤክስ86 ላይ በሷ ይኖሩ የነበሩት፣ ስም አጡ። በኅዳር ወር መካከለኛው መንገድ ተገኘ፦ መሣሪያው መጀመሪያ «ይህ ማሽን አንድ የቁጥር አገር ነው ያለው ወይስ ሁለት?» ብሎ ይመዘግባል፤ ብልሃቷ የምትሠራው አንድ ባላቸው ላይ ብቻ ነው።

እኛን የገረመን የችግሩ ዕድሜ ነው። ፐርፍ ከወጣ 9 ዓመት ሆኖት ነበር። አንዲት «ሁሉም ቤት እንደኛ ቤት ነው» የምትል ግምት ማንም ሳያያት ዘጠኝ ዓመት ትኖራለች፣ ምክንያቱም የሚያያት ሰው ያለው ከሌላው ቤት ነው። ዋጋዋም ቀላል አይደለም። ያለ ጥፋቱ የተጠራ ፈንክሽን አይከሰስም፣ ግን አንድ መሐንዲስ ሳምንቱን ጤነኛውን ክፍል ሲፈታና ሲገጥም ይጨርሳል፤ የታመመው እዚያው ይቀመጣል።

የሌሎቹን ጉድ በአጭሩ። ፓወር ፒሲ በድሮው 64 ቢት ሥርዓቱ የአንድ ፈንክሽን ስም ወደ ፈንክሽኑ አይወስዳችሁም፤ አድራሻው የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት ጋ ነው የሚወስዳችሁ። እውነተኛው ሥራ ያለበት ቦታ ስሙ ፊት ነጥብ ተደርጎበት ለብቻው ይመዘገባል። ዘበኛው «ጋሼ እዚህ የሉም፣ ማስታወሻ ትተዋል» እንደሚላችሁ ቤት።

አርም፣ ማለትም የስልካችሁ ፕሮሰሰር፣ በ32 ቢቱ ዘመን ሁለት የትእዛዝ ቋንቋ ይናገር ነበር፤ ረጅሙና አጭሩ (አጭሩ ተምብ ይባላል፣ አውራ ጣት እንደማለት)። ፈንክሽኑ በአጭሩ ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ ዝርዝሩ ላይ አድራሻው አንድ ተጨምሮበት ነው የሚቀመጠው። 1000 ላይ ያለው 1001 ይባላል፤ አንዷ ምልክት እንጂ ቁጥር አይደለችም። ፐርፍ ይህን አውቆ አንዷን መልሶ መቀነስ ነበረበት። ከዚህ ሌላ አርም ዝርዝሩ ውስጥ በዶላር ምልክት የሚጀምሩ አጫጭር ስሞችን ይበትናል፤ «ከዚህ ጀምሮ ረጅሙ ቋንቋ ነው፣ ከዚህ አጭሩ፣ ከዚህ ደግሞ መረጃ ብቻ» ለማለት። ሺህ ጊዜ ይደጋገማሉ። ያላወቀ መሣሪያ እነሱን የፈንክሽን ስም አድርጎ ይወስድና የማሽናችሁ ጊዜ ግማሹን የበላው «ዶላር» ነው ይላችኋል። (በዚህ አገር ዶላር በዝቶ ያስቸገረበት ብቸኛ ቦታ ሳይሆን አይቀርም።)

ከዚያ ደኅንነት መጣ፣ ነገሩም ተገለበጠ። የከርነሉ አድራሻ መታወቁ ለሰርጎ ገቦች ካርታ መስጠት ሆነ። በ2011 በ2.6.38 ከርነል የተጨመረች አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ሥልጣን ለሌለው ተጠቃሚ የካልሲምስን ቁጥሮች በሙሉ ዜሮ አድርጋ ታሳያለች። ስሙ አለ፣ አድራሻው 0። በ2014 ደግሞ ኤክስ86 ላይ በ3.14 ከርነል፣ በኪስ ኩክ ሥራ፣ ከርነሉ በተነሳ ቁጥር በዕጣ የተለየ ቦታ እንዲሰፍር ማድረግ ተቻለ፤ በ2017 በ4.12 ነባሪ ሆነ። 64 ቢት አርምም በ2016 ተከተለ። ትናንት ማታ የያዛችሁት አድራሻ ዛሬ ጠዋት የሌላ ሰው ቤት ነው።

ታዲያ ስሙ እንዴት ይገኝ? እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከፈረንጁ ይቀድማል። ፈረንጁ 8 ሰዓት ሲል እኛ 2 ሰዓት እንላለን፤ እሱ 2007 ሲል እኛ ሚሌኒየማችንን አከበርን። ማናችንም አልተሳሳትንም፤ መነሻችን ነው የተለያየው። የሰዓቱ ልዩነት 6 መሆኑን አንዴ ካወቃችሁ የአውቶብስ መነሻ ዝርዝሩን በሙሉ መገልበጥ አያስፈልግም፤ ከእያንዳንዱ ላይ 6 መቀነስ ይበቃል። ፐርፍ ያደረገው ይህንኑ ነው። የከርነሉን የመጀመሪያ ስም አድራሻ እንደ ማጣቀሻ ይዞ ከናሙናዎቹ ጋር ይመዘግባል፤ በኋላ በፋይሉ ላይ ያለውን የዚያን ስም አድራሻ ያያል፤ ልዩነቱን ወስዶ ሌላውን ሁሉ ያስተካክላል። አንድ እርግጠኛ ስም ለመቶ ሺህ ይበቃል። አድራሻዎቹ ዜሮ ተደርገው ከተደበቁበት ግን ፐርፍ አስጠንቅቆ ቁጥሩን እርቃኑን ያሳያችኋል። እኛ ይህን ወደነዋል። ስም ፈጥሮ ከሚነግረን ቁጥሩን ይስጠን።

ይህ ሁሉ ለኛ ከተማ ልጅ ምኑ ነው? ብዙ ነገሩ ነው። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ፕሮግራም የሚጽፍ ልጅ ላፕቶፑ አብዛኛውን ጊዜ ኤክስ86 ነው፤ የሚጽፍለት ስልክ ግን አርም። ስልኩ ላይ የተለካውን ላፕቶፑ ላይ ያያል (አንድሮይድ ሲምፕልፐርፍ የሚባል የራሱ ዘመድ አለው)። የሞጆን ኪሎ ሜትር በጅቡቲ ባቡር ቁጥር እንደማንበብ ነው፤ አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ገደማ ትሁን እንጂ በ784ቱ ኪሎ ሜትር የድሮው ሐዲድ ከጅቡቲ ከተቆጠረ 680ን ታልፋለች። ዝርዝሩ ከስልኩ መምጣት አለበት፤ የላፕቶፑን ከርነል ዝርዝር በስህተት ከተጠቀመ ሁሉም ነገር ስም ይኖረዋል፣ አንዱም እውነት አይሆንም። ለዚህ ነው የተሠራው ፋይል ሁሉ ቢልድ አይዲ የሚባል፣ ብዙውን ጊዜ 20 ባይት የሆነ አሻራ እንዲይዝ የተደረገው፤ ፐርፍ ናሙናውን ሲመዘግብ አሻራውንም ይመዘግባል፣ በኋላ አሻራው ያልገጠመ ዝርዝር ሲቀርብለት አይቀበልም።

አዲሱ መጤ ሪስክ ፋይቭ ነው፤ ፈቃድ ሳይከፍል ማንም ሊሠራው የሚችል የፕሮሰሰር ንድፍ። እሱም በቅርብ ዓመታት በዶላር የሚጀምሩትን ስሞች መበተን ጀመረ፤ ካልሲምስም መሣሪያዎቹም ለአርም የተማሩትን መዝለል ለሱ እንደገና ተማሩ።